የጋሽ ደበበ ጡሩምባ

ድሬዳዋ ውስጥ ጋኔን ካለ በሌሊት አይወጣም። ወጥቶስ የት ሊገባ? ሌሊት እኮ ከተማው ሁሉ ውጭ ነው። አልጋውን በረንዳ ላይ ያወጣ አለ፣ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚያወራ አለ፣ ባጃጅ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ የሚያንጎራጉር አለ። እዚህ መሃል የገባ ጋኔን ራሱ ደንግጦ ነው የሚመለሰው። የእኛ ከተማ ባዶ ሰዓት ቀትር ነው። ምሳ ተበልቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ቬንትሌተር ሥር በጀርባው ሲዘረር፣ ያኔ ከዚራ ሰፈር ወጥታችሁ እዩ። መንገዱ ነጭ ነው። የኒም ዛፎቹ ጥላ ሥራቸው ውስጥ ተሸጉጧል። ፍየል እንኳ አትጮህም። የድሮ ሰዎች በቀትር አትውጡ ሲሉን ፀሐዩን ፈርተው ይመስለኝ ነበር።

ጌታሁን እባላለሁ፣ ቬንትሌተር ጠጋኝ ነኝ። አትናቁኝ። ድሬ ውስጥ ሐኪም ቢጠፋ ሰው ይጸልያል፤ ቬንትሌተር ጠጋኝ ቢጠፋ ግን ይሳደባል። ከሞተርና ከሽቦ ጋር ስለኖርኩ ለነገር ሁሉ ምክንያት መፈለግ ልማዴ ሆኗል። የሚዞር ነገር ካለ የሚያዞረው አለ፣ የሚጮህ ካለ የሚያስጮኸው አለ። ሚስቴ አስካለ፣ አንተ ለእግዚአብሔርም ሽቦ ትፈልግለታለህ ትለኛለች። እግዚአብሔርን አልነካሁም። ጋኔንን ግን ነካክቻለሁ፤ እሱን ነው የማወራችሁ።

አንድ ሱስ አለብኝ። ጫት እንዳይመስላችሁ፣ እሱ እዚህ ሱስ አይባልም፣ የሥራ ሰዓት ነው። የእኔ ሱስ የመጫወቻ ባቡር ነው። እዚሁ ከዚራ፣ ባቡር ሰፈር ተወልጄ፣ አባቴ ፉርጎ ሲቀጥል አይቼ አድጌ፣ ጸጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም። አብዲ የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ከጅቡቲ የሚመጣ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። አንድ ቀን ካርቶን ሙሉ ሐዲድ፣ ፉርጎ፣ ትንሽ የመጫወቻ ጣቢያና ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ይዞ መጣ። ወላሂ ጌታሁን፣ ይሄን የሚገዛ እብድ ካንተ ሌላ አላውቅም አለኝ። እውነቱን ነው። የጓዳውን ጠረጴዛ አስለቀቅኩና ሐዲዱን ዘረጋሁበት። አስካለ በርበሬዋን የምታሰጣበት ቦታ ስላጣች ያን ሰሞን ሁሉ በርበሬ የሌለው ወጥ በላሁ።

ሎኮሞቲቯ አሮጌ ናት፣ ዲኮደር የላትም። ዲኮደር ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ጥፍር የምታክል ሰሌዳ ናት፣ ቀጫጭን ሽቦዎች የተንጠለጠሉባት፣ ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የምትቀበር። እሷ ከሌለች ሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ ስትለቁ ያለው ባቡር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል፣ ስታጠፉ አንድ ላይ ይቆማል። እሷ ካለች ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለ፣ ባቡሩ ግን ቁጥሩ ካልተጠራ ንቅንቅ አይልም። በእጃችሁ ባለችው መቆጣጠሪያ ትጠሩታላችሁ። ሂድ ስትሉት ይሄዳል፣ አብራ ስትሉት ያበራል፣ ጩኽ ስትሉት ይጮኻል። ችግሩ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም ስማቸው ሦስት ነው። ክርስትና ሳታነሷቸው ሦስት ብላችሁ ብትጣሩ መጋላ መሃል ቆሞ መሐመድ ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ያለው ሁሉ ይዞራል።

አብዲ ዲኮደሩን በጅቡቲ በኩል አስመጣልኝ። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ከባቡሯ የብረት እግሮች ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ፣ ብርቱካንማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ሞተሩ ሐዲዱን በቀጥታ ከነካ ዲኮደሩ ይቃጠላል። የመጀመሪያውን አነደድኩት። አስካለ ሽንኩርቷ ያረረ መስሏት ወጥ ቤት ሮጠች። ሁለተኛውን ግን ሞተሩን በፕላስተር ለይቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ በሊድ በየድኩ። አጠገቡ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ኤሌክትሪክ ቋጥራ የምትይዝ ትንሽ በርሜል ናት። መብራት ድንገት ቢሄድ ባቡሯ ቀጥ እንዳትል ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ታስኬዳታለች። መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ በሚሄድበት ሰፈር ይቺ የግድ ናት። በመጨረሻ ለድምፁ ከአሮጌ ስልክ የነቀልኳትን እስፒከር ገጠምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ጡሩምባ ካልነገርኳችሁ ወሬው አይገባችሁም። በሌላ አገር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲመጣ ነበር። የድሮ ባቡር ነጂዎች ከተማው ጫፍ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አጯጯህ ነበራቸው። ሚስት ከቤት ሆና ትሰማና የእኔ ነው ብላ ምሳውን ትጥዳለች። እኛ የሰፈሩ ልጆች ፊደል ሳንቆጥር የሁሉንም ጡሩምባ ለይተን እናውቅ ነበር። የጋሽ ደበበ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ነበረች።

ጋሽ ደበበ አንድ ጊዜ ዕቃ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ባቡሩ ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። ረዳቱ ነው እየነዳ ያመጣው። በረሃው መሃል ባቡሩን አቁሞ መጣሁ ብሎ ወረደ፣ ጠበቅነው፣ ጠራነው፣ የለም አለ ረዳቱ። አንዳንዱ ጅቡቲ ገብቶ ሌላ አግብቷል ብሎ አወራ። አንዳንዱ በረሃ በላው አለ። ቀሪው ደግሞ የወረደው በቀትር መሆኑን ሰምቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ያው ይታወቃል ብሎ አማተበ።

ሚስቱ እትዬ ወርቄ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። አንቱ አላላትም ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ሙቀቱ አያስለብስም። ባሏ ከጠፋ ጀምሮ ከዚያ ቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ለቅሶ ትደርሳለች፣ ማታ ትመለሳለች። የልጇ ሠርግ ጊዜ እንኳ ዘፈኑ ሳያልቅ ተነስታ ቤቷ ገባች። ሰፈራችን ውስጥ ሙሽራ ሲመከር ስሟ ይነሳል። እንደ ወርቄ ጽኚ፣ የፍቅር ልኩ ይሄ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ዝም ብላ ትበላለች።

ታዲያ ችግሩ ቤቱ ነው። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ የኒም ሥር ገብቶበታል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። አልጋዋ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ልጇ ሂሩት ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖረው። በየሳምንቱ እየመጣች እማዬ እንሂድ ትላለች። ትለምናለች፣ ታለቅሳለች፣ አንዴ የነፍስ አባቷንም ይዛ መጣች። እትዬ ወርቄ አንዲት መልስ ብቻ ናት ያለቻት፣ አልችልም። ክረምቱ ሲቃረብ ሂሩት እኔን ለመነችኝ፣ ጋሼ አንተን ትሰማህ ይሆናል፣ ዘንድሮ እዚያ ከከረመች ልቀብራት ነው የምመጣው አለች። ሄጄ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አልጋው ብዙ አወራሁ። እትዬ ወርቄ አዳምጣ ስትጨርስ፣ ወሬ ከምታበዛ ይሄን ቬንትሌተር እየው፣ ይንቋቋል አለችኝ።

እንግዲህ ባቡሯን የጨረስኩት በዚህ ሰሞን ነው። ቀትር ነበር። መጀመሪያ ሂድ አልኳት፣ ሄደች። አብሪ አልኳት፣ አበራች። ቀጥሎ የጡሩምባውን ቁልፍ ልሞክር። ሌላ አገር የተወለደ ሰው ቢሆን አንዴ ጢጥ አድርጎ ይተዋል። የእኔ አውራ ጣት ግን ሳላዘው ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ጫነ። ከሁሉም ነጂዎች ለምን የጋሽ ደበበን? ጣቴን ጠይቁት። ድምፁ ከዚያች ሚጢጢ ሆድ የወጣ አይመስልም ነበር፣ በዝጉ መስኮት ወጥቶ ባዶው መንገድ ላይ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ወርቄ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የተሸፈነ ሰሃን ይዛ። ሽሮ ይሸታል። እኔን አላየችኝም፣ ከትከሻዬ ኋላ ነው የምታየው።

"ደበበ ታጥቦ ወጣ?" አለችኝ።

ምን ይባላል? አስካለ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። እየተንተባተብኩ ጓዳ አስገብቼ ባቡሯን አሳየኋት። አልተቆጣችም። እስቲ ድገመው አለች። ደገምኩት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። የእሱ መጨረሻዋ ትቆረጣለች እንጂ እንዲህ አትጎተትም አለችና ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ያንን ሽሮ የሚበላ ጠፋ። ለሞተም ለጠፋም ሰው የተሠራ ምሳ እንዴት ይጎረሳል? አስካለ ለፍየል መስጠቱንም ፈራች። ከዚያ አጠገቤ ቆማ እስፒከሯን አስነቀለችኝ። የሽቦዎቹን ጫፍ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ እስፒከሯን ብሎን የማኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳት። ባቡሯ ዲዳ ሆነች።

ዲዳ ሆነች እንጂ አላረፈችም። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ቁጥሯ ሳይጠራ ትነሳ ጀመር። አስቡት፣ ቀትር ነው፣ መስኮት ዝግ ነው፣ ሳሎን ተጋድመናል። ከጓዳ ትክ ትክ፣ ትክ ትክ። ገብቼ ሳይ በጨለማው መብራቷን አብርታ ጠረጴዛውን ትዞራለች፣ መቆጣጠሪያዋ መሳቢያ ውስጥ ናት። አስካለ ጠበል አመጣች። ኤሌክትሪክ ላይ ውኃ አይረጭም ብዬ ተከላከልኩና ምክንያቱን ፈለግኩ። አገኘሁትም። ዲኮደሩ ውስጥ አንዲት ቅንብር አለች፣ ትዕዛዝ ካጣህ በድሮው ልማድ ሐዲዱ ላይ ባገኘኸው ኤሌክትሪክ ሂድ የምትል። መብራት ሲመለስ መቆጣጠሪያው ሳይነቃ ባቡሯ ትቀድመዋለች ማለት ነው። ቅንብሯን ዘጋሁ። አየሽ አይደል አልኳት አስካለን በኩራት። ምኑን ነው የማየው አለች።

አብዲ ሊጠይቀን ሲመጣ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። ጓዳውን በሩ ላይ ቆሞ አየው እንጂ አልገባም። ዕቃው ከየት ነው የመጣው ብዬ ጠየቅኩት። ጅቡቲ ውስጥ ከተዘጋ ቤት ነው አለ። የማን ቤት? አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ብቻውን ይኖርበት ነበር፣ ሲሞት የሚረከበው ጠፋ፣ ዕቃው ተሸጠ።

"ስሙን አልጠየቅክም?"

"ዋርያ ጌታሁን፣ እኔ ካርቶን ነው የገዛሁት፣ ሰውየውን አልገዛሁም" አለ አብዲ።

ጅቡቲ ውስጥ ሐበሻ ሽማግሌ ሞልቷል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን በዚያ ቀን ባቡሯን አቧራ ልጠርግላት ከሐዲዷ ሳነሳ ሆዷን እንዳልነካ ተጠነቀቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይሄን ወሬ ለእትዬ ወርቄም ለሂሩትም አልነገርኩም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሙቀቱ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ተራራው ላይ ደመና ተቆልሏል፣ አይዘንብም፣ አይሄድም። አንድ ቀትር መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ቬንትሌተር ሁሉ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ። ያንን ዝምታ ድሬ ያልኖረ አያውቀውም። ሰው የራሱን ምራቅ ሲውጥ ይሰማል። በዚህ መሃል ከጓዳ ትክ ትክ፣ ትክ ትክ።

ካፓሲተሯ ናት አልኳት አስካለን፣ አሁን ትቆማለች። ጥቂት ትንፋሽ አለፈ። አልቆመችም። ጠረጴዛውን ዞረች። እንደገና ዞረች። እኔ ያጠራቀምኩላት ኤሌክትሪክ ይሄን ያህል አያስኬድም፣ የገጠምኳት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ይሄኛውስ አለችኝ አስካለ በሹክሹክታ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ትዝ አለኝ።

ከዚያ ጮኸች። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። አጭሯ ተቆረጠች።

ፈራሁ። መፍራቴን አልደብቃችሁም። አስካለ ስለገፋችኝ እንጂ ጓዳውን አልገባውም ነበር። ባቡሯ ትንሿ የመጫወቻ ጣቢያ ፊት ቆማለች። መብራቷ ጠፍቷል። ስነካት ትሞቃለች። ገልብጬ ከፈትኳት፣ የእስፒከሩ ሽቦዎች እንደጠቀለልኳቸው ናቸው። ሮጬ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፣ እስፒከሯ ከብሎኖቹ መሃል ተኝታለች። አስካለ አየችኝ። እኔም አየኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም አንድ ነገር አየን።

በዚህ ጊዜ የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማን። ወጣን። እትዬ ወርቄ ነጩ መንገድ ላይ ቆማለች። በዚህኛው ጊዜ ሰሃን አልያዘችም፣ ሻንጣ ይዛለች። ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መንገደኛ ሆናለች።

"ጌታሁን፣ ባጃጅ ጥራልኝ፣ ሂሩት ጋ ልሂድ" አለችኝ።

አእምሮዬ ቦታው አልነበረም መሰለኝ የማይጠየቅ ነገር ጠየቅኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀሽው፣ ዛሬ ጋሽ ደበበን ትተሽው ትሄጃለሽ አልኳት። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

"ናፍቄው የተቀመጥኩ መስሎሃል? ቀናተኛ ነበር፣ በረገጥኩት አፈር እንኳ የሚቀና። ሲሄድ እኔ ሳልመጣ ከዚህ ቤት ወጥተሽ እንዳታድሪ ብሎ በገብርኤል አስምሎኝ ነው። እኔ የጠበቅኩት እሱን አይደለም፣ መሐላዬን ነው። ይኸው መጣ። ከአንገቴ ወረደልኝ።"

በዚያ በዝምታው ሰዓት እንኳ እንቅልፉን የማይወድ አንድ ባለባጃጅ ተገኘ። አስካለ እያለቀሰች ሻንጣውን ጫነች። የእትዬ ወርቄ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ልዝጋልሽ አልኳት። ተወው፣ ሰው አለበት አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ምድጃ ላይ ሽሮ ትቼለታለሁ፣ ተራው የእሱ ነው፣ ይጠብቅ ብላ ባለባጃጁን ንዳው አለችው። ዞራ እንኳ አላየችም። እኛም በሩን ሳንነካ ገባን። አመሻሽ ላይ ሳይ ተዘግቷል። ነፋስ ነው ብያለሁ።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት መጣ። ሰማዩ ተቀዶ ሲያወርደው ዋለ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ተገነደሰና አልጋዋ ላይ ወደቀ። አልጋው ከድንጋዩ ሥር ተጣጥፎ ቀረ። ሂሩት መጥታ ስታየው እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ሲሰሙ ምክራቸውን ይተዋሉ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሽማግሌና ምሳሌም ያው ናቸው። አሁን ደግሞ ሙሽራ ሲመክሩ፣ እንደ ወርቄ ጽኚ፣ ፍቅሯ ከሞት አተረፋት ይላሉ።

ባቡሯን ለአብዲ ልመልስለት መጋላ ይዤ ሄጄ ነበር። ወላሂ ሱቄን አትረግጥም አለ፣ በነፃም አልፈልግም አለ። ዲኮደሩን ነቅዬ ካርቶኗ ውስጥ መልሼ አልጋ ሥር አስቀምጫታለሁ። አስካለ በርበሬዋን ጠረጴዛው ላይ ታሰጣለች። ወጡ ተመልሷል።

የዚያ ቤት የመንገድ በኩል ግን አልፈረሰም። በሩ እንደተዘጋ ቆሟል። በቀትር፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ በሌለበት፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ብረት በሙቀት ይለጠጣል አልኩ መጀመሪያ። ብረት ግን ሲለጠጥ አይቆጣም። ይሄ ትንሽ ይሞክራል፣ ያርፋል፣ ከዚያ መላልሶ ይነቀንቃል።

ሳቢያን ሄጄ እትዬ ወርቄን ጠየቅኳት። ወፍራለች። ሹሩባ ተሠርታ፣ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጣ ሐብሐብ ትበላለች። እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ በመጨረሻ ነገርኳት፣ የባዶው ቤት በር ከውስጥ ይነቀነቃል፣ መጠበቅ የሰለቸው ሰው ያለበት ይመስላል አልኳት። ማኘኳን አቆመች። እኔ ትደነግጣለች ብዬ ውኃ ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት እሷ መሳቅ ጀመረች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው።

"ገና ክረምቱ ሳይወጣ?" አለች። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው አንድ ቀን በር ነቅንቄያለሁ? ሂድና አርፈህ ተቀመጥ በለው።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አላልኩትም። በዚያ በር በኩል ማለፉንም ትቼ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው የምገባው። እናንተ ግን በቀትር በከዚራ የምታልፉ ከሆነ መልእክቱ ይኸው ነው፣ እባካችሁ አድርሱልኝ።